ከሕፃኑ ጋር የሚያድግ ባለቀለም ሹራብ

ኅዳር ከገባበት ጊዜ አንሥቶ ጥር እስኪያበቃ ድረስ በደጋው የአገራችን ክፍል ሌሊቱና ማለዳው ብርቱ ቅዝቃዜ እንዳለው የታወቀ ነው። ይህን ቅዝቃዜ ከሁሉም በላይ የሚፈራው ሕፃን ልጅ ነው። የሕፃን ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ በመሆኑ ሙቀቱን ከአዋቂ ሰው ይልቅ በፍጥነት ያጣል፤ ብርድ ሲሰማውም «በረደኝ» ብሎ መናገር አይችልም። አባወራው በሞተበት፣ የእናት ገቢም ለዕለት ጉርስ ብቻ በሚበቃበት ቤት ደግሞ የሕፃኑ ልብስ ብዙውን ጊዜ ከታላላቆቹ የተረፈው ነው።

ከገንዘብ ድጋፍ ባሻገር በእጃቸው ሥራ ለመሳተፍ የሚሹ እኅቶችና እናቶች በየቤታቸው ሊፈጽሙት ከሚችሉት በጎ ተግባር አንዱ ለሕፃን ሹራብ መሥራት ነው። ይሁን እንጂ በእጅ የተሠራ ሹራብ ሁሉ ለሕፃን ይጠቅማል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ለዓይን ያማረ ሆኖ አንገቱ የሕፃኑን ራስ አያስገባም፤ አንዳንዱ ቆዳ ይኮሰኩሳል፤ ብዙው ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ አጥሮ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ በኪሮሽ የሚሠራ፣ ባለብዙ ቀለም፣ ሕፃኑ ሲያድግ አብሮት ሊረዝም የሚችል ሹራብ እንዴት እንደሚዘጋጅ ደረጃ በደረጃ እናብራራለን።

ኪሮሽ ለምን ተመረጠ?

የኪሮሽ ሥራ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። በጠረጴዛ፣ በሶፋና በቴሌቪዥን ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል የሚሠራው በዚሁ ጫፉ ቆልመም ባለ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብዙ ወንዶች ለሶላት የሚያደርጉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ኮፍያም እንዲሁ ከመሐል ተጀምሮ ዙር በዙር እየሰፋ በኪሮሽ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ዳንቴል ወይም ኮፍያ የሠራች እጅ ሹራብ ለመሥራት የሚያስፈልጋትን ዕውቀት አብዛኛውን ይዛለች።

ኪሮሽ ሌላም ጥቅም አለው። ሥራው በማንኛውም ጊዜ በአንድ ቀለበት ብቻ የተያዘ በመሆኑ ልጅ ሲያለቅስ ወይም አዛን ሲሰማ አስቀምጦ መነሣት ይቻላል፤ ስሕተት ቢገኝም ክሩን ስቦ እስከ ስሕተቱ ቦታ መፍታትና እንደገና መቀጠል ቀላል ነው። መሣሪያው ርካሽ፣ ቦታ የማይዝና ኤሌክትሪክ የማይሻ ነው። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ታላቅ ረኃብ በተከሰተ ጊዜ የገዳም መምህራትና የበጎ አድራጎት ሴቶች ለችግረኛ ቤተሰቦች የኪሮሽ ዳንቴል ሥራ ያስተማሩት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ሥራው ለብዙ ቤተሰቦች የገቢ ምንጭ ሆኖላቸዋል።

ክር መምረጥ

በገበያ ላይ የሚገኙት ክሮች በአመዛኙ ከሦስት ዓይነት አይወጡም። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው።

የበግ ጠጉር ሱፍ ሙቀትን በሚገባ ይይዛል፤ ጥቂት እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን አይለቅም፤ በእሳትም በቀላሉ አይቀጣጠልም። ነገር ግን በሙቅ ውኃ ቢታሽ ተኮማትሮና ተጣብቆ ሕፃኑ ሊለብሰው እስከማይችል ድረስ ያንሳል። ሱፍ ሁሉም አንድ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። የመንዝ በግ ጠጉር ለባናና ለዝተት የተመሰገነ ቢሆንም ሻካራ ስለሆነ ለሕፃን ቆዳ አይስማማም፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እንደ ሜሪኖ ያለ ረቂቅ ሱፍ ነው።

አክሪሊክ የተሰኘው ሰው ሠራሽ ክር ዋጋው የሚቀመስ፣ ቀለሙ የበዛና ለማጠብ የሚመች ነው። ጉድለቱ እሳት ላይ ነው፤ ሲነድ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም በቆዳ ላይ ይጣበቃል። በከሰል ምድጃ ወይም በማገዶ አጠገብ ሕፃን በሚታቀፍበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለምና ስጦታውን ለምትቀበለው እናት በቃል ሊነገራት ይገባል።

ጥጥ ለስላሳና ቆዳ የማይቆጣው ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል፤ እንደ ሱፍም አይለጠጥም። ለቆላው አካባቢና ለበጋ ቀን ተስማሚ ነው።

የክሩን ልስላሴ በጣት ብቻ መመዘን አይበቃም፤ የጣታችን ቆዳ በሥራ የጠነከረ ነውና። ክሩን በአንገት ወይም በክንድ የውስጥ በኩል ለጥቂት ጊዜ አሽቶ መሞከር ይሻላል፤ እዚያ የኮሰኮሰ ክር ለሕፃን አይሆንም። ብዙ ቀለማት ስለምንጠቀም ደግሞ ከእያንዳንዱ ክር ትንሽ ቆርጦ በውኃ ነክሮ በነጭ ጨርቅ መጠቅለልና ቀለሙን የሚለቅ መሆን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በተለይ ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክር ሳይፈተሽ ከነጭ ጋር መሠራት የለበትም።

ከሌላ ሥራ የተረፉ ትናንሽ ልቃቂቶች ለዚህ ሹራብ እጅግ ይስማማሉ። ማሳሰቢያው አንድ ነው፤ ክሮቹ በውፍረት ተቀራራቢ፣ በዓይነት ደግሞ አንድ ይሁኑ። ሱፍና አክሪሊክ ተቀላቅለው ቢሠሩ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ መስመር ተኮማትሮ ሌላው ሳይነካ ይቀራል፤ ሹራቡም ቅርጹን ያጣል።

ልኩን ማወቅ

ሹራቡ የሚሠራለት ሕፃን በአካል ከተገኘ በሜትር ገመድ መለካት ከሁሉ ይበልጣል። ካልተገኘ የሚከተለው መለኪያ ሊያገለግል ይችላል፤ የሕፃን የደረት ዙሪያ በ3 ወር ዕድሜ 40 ሴንቲ ሜትር፣ በ6 ወር 43፣ በ12 ወር 46፣ በ24 ወር ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሹራብ ከውስጥ ልብስ በላይ የሚለበስ በመሆኑ በዚህ ላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል።

የራስ ዙሪያ ሊዘነጋ አይገባም። ሕፃን ሲወለድ ራሱ ከደረቱ ጥቂት ይሰፋል፤ አንድ ዓመት ሲሞላውም የራሱ ዙሪያ 45 ወይም 46 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የአንገቱ ዙሪያ ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በአንገቱ ልክ የተሠራ ሹራብ ራሱን አያሳልፍም፤ በራሱ ልክ የተሠራ ደግሞ ከትከሻው ይወርዳል። መፍትሔው ፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ ክፍት ቦታ መተው ነው።

ከላይ ወደ ታች የምንሠራበት ምክንያት

የዚህ ሹራብ ምሥጢር የሚጀመርበት ቦታ ነው። ሥራው ከአንገት ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚያበቃውም በወገቡ ጠርዝና በእጅጌዎቹ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ልጅ በሁለተኛው ዓመቱ ደረቱ በ4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሰፋ ቁመቱ ግን ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ በቂ ስፋት ኖሮት የተሠራ ሹራብ ከጥቅም ውጭ የሚሆነው ጠብቦ ሳይሆን አጥሮ ነው። ጫፉ ታች ከሆነ የመጨረሻውን ዙር ፈትቶ፣ ቀለበቱን በኪሮሽ ይዞ፣ አዳዲስ ዙሮችን መጨመር ይቻላል። ሹራቡ ባለመስመር በመሆኑም የተጨመረው ቀለም የተቀጠለ ሳይሆን አስቀድሞ የታሰበ ይመስላል። አንዱ ስጦታ ለሁለት ብርድ ወራት ያገለግላል ማለት ነው።

የሥራው ሦስት መሠረቶች

ሰንሰለት፦ በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ክሩን ስቦ ማውጣት ነው። ይህ ሲደጋገም እንደ ሰንሰለት የተያያዘ መሥመር ይሆናል።

አጭር ዐምድ፦ ኪሮሹ ወደ ሥራው ይገባል፤ ክሩ ተስቦ ሲወጣ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበቶች ይኖራሉ፤ ክሩ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ይሳባል።

ረጅም ዐምድ፦ አስቀድሞ ክሩ በኪሮሹ ላይ አንድ ጊዜ ይጠመጠማል፤ ኪሮሹ ገብቶ ክሩ ሲወጣ ሦስት ቀለበቶች ይሆናሉ፤ ክሩ በመጀመሪያ በሁለቱ፣ ቀጥሎም በቀሩት ሁለቱ ውስጥ ይሳባል። የሹራቡ አካል የሚሠራው በዚህ ነው።

ከ6 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን አሠራሩ

ለዚህ ልክ መካከለኛ ቅጥነት ያለው የሕፃን ክር ከ150 እስከ 200 ግራም፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ ሦስት ጠፍጣፋ ቁልፎችና ጫፉ ያልሾለ የሱፍ መርፌ ያስፈልጋሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ትንሽ የመሞከሪያ ቁራጭ ይሠራል፤ 16 ረጅም ዐምዶች በወርድ፣ 9 ረድፎች በቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ሊሞሉ ይገባል። ቁራጩ ከዚህ ካነሰ ወፍራም ኪሮሽ፣ ከበለጠ ደግሞ ቀጭን ኪሮሽ ይለወጣል። ይህን ሙከራ የዘለለ ሰው በልኬት ሳይሆን በግምት ይሠራል።

የትከሻው ክፍል፦ 50 ሰንሰለት ይሠራል። ከኪሮሹ በኩል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰንሰለቶች እንደ አንድ ረጅም ዐምድ ተቆጥረው ይታለፉና በቀሩት 47 ሰንሰለቶች ላይ አንዳንድ ረጅም ዐምድ ይሠራል፤ ድምሩ 48 ነው። ከዚያም ረድፉ በአምስት ክፍል ይከፈላል፤ 8 ለፊት አንድ ጎን፣ 8 ለእጅጌ፣ 16 ለጀርባ፣ 8 ለሌላው እጅጌ፣ 8 ለፊት ሌላ ጎን። ክፍሎቹ በሚገናኙባቸው አራት ቦታዎች የተለየ ቀለም ያለው ክር ለምልክት ይታሰራል።

ከ2ኛው እስከ 11ኛው ረድፍ ድረስ ሥራው እየተገላበጠ ይቀጥላል። በየረድፉ መጀመሪያ ሦስት ሰንሰለት እንደ አንድ ዐምድ ይሠራል። በአራቱም ምልክቶች ላይ ከምልክቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ዐምድ ላይ ሁለት፣ ከምልክቱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዐምድ ላይም ሁለት ረጅም ዐምድ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ረድፍ 8 ዐምድ ይጨምራል። 11ኛው ረድፍ ሲያልቅ ድምሩ 128 ይሆናል፤ ይኸውም ሁለቱ የፊት ጎኖች 18፣ 18፤ እጅጌዎቹ 28፣ 28፤ ጀርባው 36 ነው። ቁጥሩ ካልተስማማ እዚሁ ፈልጎ ማረም ከኋላ ድካም ያድናል።

አካሉ፦ በ12ኛው ረድፍ በፊተኛው ጎን 18 ዐምድ ተሠርቶ ለብብት 6 ሰንሰለት ይሠራና የእጅጌው 28 ዐምዶች ሳይነኩ ይታለፋሉ። ከዚያ የጀርባው 36፣ እንደገና 6 ሰንሰለት፣ ሁለተኛውን እጅጌ አልፎ የቀረው 18 ይሠራል። ሁለቱ የፊት ጫፎች እዚህ ላይ ይጋጠማሉ፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ዙር ነው። በሰንሰለቶቹም ላይ ዐምድ ሲሠራ ዙሩ 84 ዐምድ፣ ወደ 52 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከ13 እስከ 14 ዙር ሲሠራ ከብብት በታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። መጨረሻው በሁለት ዙር አጭር ዐምድ ይጠናከራል።

እጅጌዎቹ፦ በታለፉት 28 ዐምዶችና በብብቱ 6 ሰንሰለት ሥር በአጠቃላይ 34 ዐምድ በዙር ይሠራል። በየ4 ዙሩ በብብቱ መሥመር ላይ ሁለት ሁለት ዐምድ እየተቀነሰ 28 ላይ ይደረሳል። 14 ዙር ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይሰጣል።

የፊቱ ክፍት ቦታ፦ በሁለቱም ጠርዝ አንድ መሥመር አጭር ዐምድ ይሠራል። በአንዱ ጎን ቁልፎቹ ይሰፋሉ፤ በሌላው ጎን ሦስት ቦታ ላይ ቁልፉን የሚያስገባ ትንሽ የሰንሰለት ቀለበት ይተዋል።

ቀለማቱን ማሰናዳት

ቀለም የሚለወጥበት ጊዜ የረድፉ የመጨረሻ ዐምድ ሳያልቅ ነው። በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበቶች ሲቀሩ የቀድሞው ክር ይተውና አዲሱ ክር በሁለቱ ውስጥ ይሳባል፤ እንዲህ ሲሆን አዲሱ ረድፍ በንጹሕ ቀለም ይጀምራል። ሁለት ሁለት ረድፍ በአንድ ቀለም መሥራት ለዓይን ይስማማል። የልቃቂቱ ክር ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ረድፍ ከተሠራ በኋላ ፈትቶ የክሩን ርዝመት መለካትና ከቀረው ጋር ማነጻጸር ነው። ቶሎ የሚቆሽሹት የእጅጌ ጫፎችና የታችኛው ጠርዝ በመሆናቸው ጠቆር ያሉት ቀለማት ለእነርሱ ይሰጣሉ፤ ፈካ ያሉት ለትከሻና ለደረት ይሆናሉ። የሕፃን ዓይን ቀለማትን በሚገባ መለየት የሚጀምረው በ5ኛው ወር ገደማ በመሆኑ በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የገዛ እጅጌውን ቀለማት እየተመለከተ ይደሰታል።

ቀለማቱ የበዙት ለውበት ብቻ እንዳልሆነ ማስገንዘብ እንወዳለን። ለየቲም ልጆች የሚሰጥ ልብስ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀለምና በአንድ ዓይነት ተገዝቶ ይከፋፈላል። ሰጪው ያሰበው እኩልነትን ቢሆንም ልብሱ በሰፈር ውስጥ የእርዳታ ምልክት ሆኖ ልጁን ከእኩዮቹ ይለየዋል። ከተለያዩ ልቃቂቶች የተሠራ ሹራብ ግን ሌላ አምሳያ የለውም፤ ያየው ሁሉ «ማን ሠራልህ?» ይላል እንጂ «ከየት ተሰጠህ?» አይልም። የተቀባዩን ክብር መጠበቅ የስጦታው አንድ አካል ነው።

የሕፃኑ ደኅንነት

የሚያምር ሹራብ ሁሉ ለሕፃን አይሆንም ያልነው በተለይ በሚከተሉት ነጥቦች ምክንያት ነው።

በአንገት ዙሪያ የሚታሰር ገመድ፣ ሪባን ወይም የክር ኳስ አይደረግ፤ ሊያንቅ ወይም ተነቅሎ ወደ አፍ ሊገባ ይችላል።

ቁልፎቹ በጠንካራ ክር ደጋግመው ይሰፉ፤ ከተሰፉም በኋላ በኃይል ተስበው ይፈተኑ። የሚላቀቅ ቁልፍ በሕፃን ጉሮሮ ሊቀረቀር ይችላል።

እንደ ዳንቴል ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው አሠራር ለሕፃን ሹራብ አይመረጥም፤ ጣቶቹ ይያዙበታል። በእጅጌው ውስጥ የተንጠለጠለ ክርም በጣቱ ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውርን ሊያግድ ስለሚችል የክር ጫፍ ሁሉ በመርፌ ወደ ሥራው ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ፣ ተመልሶም በሌላ አቅጣጫ ተሰክቶ ይቆረጥ። ሹራቡ ሲያልቅ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ይመርመር።

ከመጠን ያለፈ ሙቀትም ጉዳት አለው፤ በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ ሕፃንን ለድንገተኛ ሞት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። የሕፃን እጅ ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻ ብርድ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ደረቱ ወይም የአንገቱ ኋላ ይዳሰስ። ላብ ካለው ሹራቡ ይውለቅ።

አስረካከቡ

ሹራቡ ከመሰጠቱ በፊት ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። አይጠመዘዝ፤ በፎጣ ላይ ተጠቅልሎ ውኃው ከተጨመቀ በኋላ በጥላ ሥር ተዘርግቶ ይድረቅ። ተሰቅሎ የደረቀ ሹራብ በክብደቱ ይለጠጣል። አክሪሊክ ከሆነ ካውያ አይነካው፤ ሙቀቱ ክሩን ያልመዋል፤ ቅርጹንም መልሶ አያገኝም።

ከሹራቡ ጋር ከተጠቀሙባቸው ክሮች ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ልቃቂቶች፣ ከተቻለም አንድ ኪሮሽ አብሮ ይሰጥ። ለእናትየው የመጨረሻው ዙር የት እንዳለቀና እንዴት እንደሚፈታ ይታያት። ኪሮሽ የማታውቅ ከሆነች ሰንሰለትና ረጅም ዐምድ ለመማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃታል፤ ከዚያ በኋላ የልጇን ሹራብ የምታስረዝመው ራሷ ናት። አንድ ሹራብ የሰጠ ሰው ሕፃኑን ለአንድ ዓመት አልብሶታል፤ ክሩንና አሠራሩን ጨምሮ የሰጠ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ብርድም እናቲቱን አዘጋጅቷታል።

በቤታችሁ ጥግ ተቀምጠው የቀሩ ልቃቂቶችን ዛሬ አውጥታችሁ ተመልከቷቸው። 50 ሰንሰለት ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀሪው በየምሽቱ ረድፍ በረድፍ ሲሠራ ኢንሻአላህ ኅዳር ሳይገባ ይደርሳል።